የእሑድ ፈረስ፤ የሰኞ አጋሰስ

አባቶቻችን ፈረስ ሲመርጡ ሩጫውን ብቻ አይመለከቱም ነበር። በጉግስ ሜዳ የሚፈለገው ፈረስ በቀጥታ የሚፈተለክ ብቻ ሳይሆን በድንገት የሚታጠፍ፤ ሲታጠፍ የማይደናቀፍ፤ ጌታውንም ከኮርቻው የማያናጋ ነው። ዛሬ የብዙ ወጣት ፈረስ አውቶሞቢል ሆኗል፤ የመምረጡ ጥበብ ግን እምብዛም አልተለወጠም። በዛሬው ዕለት ልንነጋገርበት ያሰብነውም ይህንኑ ነው። ይኸውም፤ የዘወትር ሥራውን የሚሠራበትን መኪና በእሑድ ጨዋታ ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው በጎማውና በመኪናው አካል መካከል ያሉትን ዕቃዎች፤ ማለት ሞላውን፤ አሞርዛተሩንና ተከታዮቻቸውን እንዴት አድርጎ ይምረጥ? የትኛውን አስቀድሞ፤ የትኛውንስ አስከትሎ ይግዛ? መካኒኮቻችን እነዚህን በጠቅላላው የእግር ዕቃ ይሏቸዋልና እኛም እንደዚሁ እንጠራቸዋለን።

ስለ ጨዋታው አስቀድመን ጥቂት እንናገር። አሜሪካኖች አውቶክሮስ ይሉታል። በአስፋልት ወይም በሲሚንቶ በተነጠፈ ሰፊ ሜዳ ላይ፤ የመንጃ ፈቃድ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ኮኖች እየተጠማዘዙ ይደረደራሉ። ተወዳዳሪዎቹ ጎን ለጎን ሆነው አይሽቀዳደሙም። አንድ መኪና ለብቻው ይገባል፤ ግራና ቀኝ እየታጠፈ በኮኖቹ መካከል ሲያልፍ ሰዓት ይያዝለታል፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ደቂቃ ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ጨርሶ ይወጣል። ኮን የጣለ ሰው ስለ እያንዳንዱ ኮን ሁለት ሴኮንድ ይጨመርበታል። ፍጥነቱ በአውራ ጎዳና ከሚነዳው ፍጥነት እምብዛም አይበልጥም፤ የሚፈተነው መታጠፍ፤ ማቆምና እንደገና መነሣት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክበብ በዚህ ጨዋታ አገር አቀፍ ውድድር ማድረግ የጀመረው በ1973 ዓ.ም. ነው።

የጨዋታው ውበት ልዩ መኪና አለመጠየቁ ነው። ሰኞ ወደ መሥሪያ ቤት የሚወስደው መኪና እሑድ ለውድድር ይቀርባል፤ ማታውኑም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ላይ ነው። አንድ እንስሳ ፈረስም አጋሰስም እንዲሆን ስንጠይቀው፤ ለአንዱ ስንል ሌላውን እንዳናበላሸው መጠንቀቅ ይገባናል።

አሁን አንድ ወጣት በአሳባችን እናቁም። ቤቱ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፤ በዓለም ባንክ ሠፈር ነው። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠሩት ቤቶች መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ወጣቱ አንዲት ቪትዝ አለችው። ጠዋት ከሠፈሩ ውስጥ በኮብልስቶን መንገድ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ አስፋልቱን ይዞ በአየር ጤና በኩል ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል። በመንገዱ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፤ ክረምት ሲሆንም ውሃ የሞላበት ጉድጓድ ይጨመራል። በዚሁ መኪና እናቱን ወደ ሐኪም ቤት፤ እኅቱን ወደ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲመጣ አምስት ሰው ሞልቶ ይሄድበታል።

እንግዲህ በአገራችን መኪና እንደ ሸሚዝ የሚለወጥ ዕቃ አለመሆኑን አንባቢያችን ያውቃሉ። የብዙ ዓመት ቁጠባ፤ አንዳንድ ጊዜም የቤተ ሰቡ ሁሉ መዋጮ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ፤ በእጃችን ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ አክብሮ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ ሞላ መምረጥ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በችኮላ ያስቆረጠው ሞላ፤ እናቱን በየቀኑ የሚያንገላታ፤ በዝናብም ቀን መኪናውን ከመንገድ የሚያወጣ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ወጣቶች መኪናቸውን ለማፍጠን ሲያስቡ አሳባቸው ወዲያው የሚሮጠው ወደ ሞተሩ ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ስለዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው የሳሳ ነው፤ ክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንስ፤ ፋብሪካው ከጻፈለት ኀይል ሩቡን ያህል አስቀድሞ አጥቶ ይጀምራል። ይህን ጉድለት በገንዘብ ለመሙላት መሞከር እጅግ ውድ ነው። ጎማ መሬት የሚይዝበት ጉልበት ግን በከፍታ ምክንያት የሚጎድልበት ነገር የለም። ጅቡቲ ላይ የያዘውን ያህል ዓለም ባንክም ላይ ይይዛል። ስለዚህ በእኛ አገር ለእግር ዕቃ የወጣ አንድ ሺህ ብር ለሞተር ከወጣው ይልቅ ዋጋ አለው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለመሆኑ የእግር ዕቃ ሥራው ምንድር ነው? ብዙ ሰው ለምቾት ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ምቾት አንዱ ጥቅሙ ነው፤ ዋናው ሥራው ግን ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ ነው። አንድ የቤት መኪና ከመሬት ጋራ የሚገናኘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱም ስፋት ከአንድ መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። መነሣቱም፤ መታጠፉም፤ መቆሙም በእነዚህ አራት መዳፎች ነው። ከመሬት የተነሣ ጎማ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሥራ የለውም።

መኪና ሲታጠፍ ደግሞ ክብደቱ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው ይሻገራል። ይህን በቁጥር ብናየው ይገለጥልናል። አንድ ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና ይኑረን፤ የክብደቱ መካከል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 145 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መኪናው በብርቱ ሲታጠፍ የሚገፋው ኀይል የክብደቱ 70 በመቶ ያህል ነው እንበል። 1,000ን በ0.7 አባዝተን፤ በ50 አባዝተን፤ ለ145 ስናካፍለው 240 ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህን ያህል ክብደት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሻገራል ማለት ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሞላ የሚባል ነገር አለመኖሩን አንባቢያችን ያስተውሉ። ሞላው ቢጠነክርም ቢላላም የሚሻገረው ክብደት ከሞላ ጎደል ያው ነው። ጠንካራ ሞላ የመኪናውን ማዘንበል ይቀንሳል እንጂ ክብደቱን አያስቀረውም። ሞላና ማያያዣ ብረቶች የሚወስኑት፤ ከሚሻገረው ውስጥ ስንቱ በፊት ጎማዎች፤ ስንቱ በኋላ ጎማዎች በኩል ይሻገር የሚለውን ነው። «መኪናዬ ሲታጠፍ አያዘነብልም» ብሎ የሚመካ ሰው፤ «ስለዚህ መሬት ይይዛል» ማለቱ እንዳልሆነ ይወቅ።

ከዚህ ሒሳብ በመነሣት በከተማችን የሚዘወተሩትን ሁለት ስሕተቶች እንመርምር።

አንደኛው ሞላ ማስቆረጥ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል የስፖርት መኪና ይመስላል፤ እንደሚታሰበውም መሬት ይይዛል። እውነቱን በቁጥር እንፈትነው። ከላይ ያልነውን መኪና በ3 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው የሚሻገረው ክብደት ከ241 ወደ 227 ኪሎ ይወርዳል። ትርፉ 15 ኪሎ አይሞላም። ኪሳራውስ? ሞላ ሲቆረጥ የቀረው ይጠነክራል፤ ለምሳሌ ስድስት ዙር ከነበረው አንዱ ቢቆረጥ ጥንካሬው በአምስተኛ ይጨምራል። የመንቀሳቀሻው ቦታ ግን ያንሳል። በዚህ ምክንያት መኪናው ጉብታ ሲያልፍ ብረት ከብረት ይማታል። የሞላው ጫፍ ተቆርጦ ስለሚቀር በመቀመጫው ላይ በደንብ አይውልም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠልም ከቦታው ሊላቀቅ ይችላል። በእሳት እያጋሉ ማውረድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ብረቱ በፋብሪካ የተሰጠውን ጥንካሬ ያጠፋዋልና።

ከዚህም የረቀቀ ጉዳት አለ። ቪትዝን የመሰሉ ብዙ ትንንሽ መኪናዎች የፊት እግራቸው አንድ ቀጥ ያለ አሞርዛተርና ከታች አንድ የሚደግፍ ክንድ ነው። መሐንዲሱ ይህን ክንድ በተወሰነ አቅጣጫ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናው ከመጠን በላይ ሲወርድ ክንዱ ጫፉን ወደ ላይ ቀስሮ ይቀመጣል። ያን ጊዜ መኪናው የሚያዘነብልበት ማእከል ከክብደቱ መካከል ይልቅ አብዝቶ ይወርዳል፤ ከዚህ የተነሣ ዝቅ ያለው መኪና በራሱ ጠባይ ከቀድሞው ይልቅ ማዘንበል ይፈልጋል። መኪናው ሲያዘነብልም ጎማው ቀጥ ብሎ በመቆም ፈንታ በጠርዙ ይቆማል። ባለቤቱ ለመልክ ብሎ ያወረደው መኪና በኮኖች መካከል ካልተነካው የጎረቤቱ መኪና ሲዘገይ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ተቃራኒው ነው። ይኸውም ከጉብታና ከኮብልስቶን ለማምለጥ ከሞላው በላይ ወይም በታች ስፔሰር አስገብቶ መኪናውን ማስነሣት ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ምክንያት ስላለው አንነቅፈውም፤ የመኪናው ሆድ በየቀኑ ሲፋቅ ማን ይወዳል? ነገር ግን ሒሳቡ ለዚህኛውም ይሠራል። 3 ሳንቲ ሜትር የተነሣ መኪና በመታጠፊያ ላይ 15 ኪሎ ያህል ይጨመርበታል፤ ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎችም ካልታሰበላቸው አቅጣጫ ሆነው ይሠራሉ። እንዲህ ያለውን መኪና እሑድ ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ስፔሰሩን ያውጣ፤ ባያወጣም ይህን አውቆ በልኩ ይንዳ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መልሳችን በቅደም ተከተል ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ነገር የሚያሳስተው የዕቃው ዓይነት ሳይሆን የተራው መዛባት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፤ ከመጨረሻው የጀመረ ሰው ወደ መጀመሪያው መመለሱ አይቀርም።

በመጀመሪያ ያረጀውን ማደስ ነው። መኪናው ክሪክ ላይ ይውጣና ክንዶቹ ከአካሉ ጋራ የሚገናኙባቸው ባለ ጎማ ቦኮላዎች ይመርመሩ። የመሪው መጋጠሚያዎች ይወዝወዙ። ከአሞርዛተሩ ዘይት ወጥቶ እንደሆነ ይታይ። ቀላል ፈተናም አለ፤ የመኪናውን አንድ ማእዘን በሁለት እጅ ተጭኖ መልቀቅ ነው። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ካረፈ ደኅና ነው፤ እንደ አልጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ አሞርዛተሩ ደክሟል። በተበላ ቦኮላ ላይ አዲስ የውድድር ዕቃ መግጠም በፈረሰ መሠረት ላይ ፎቅ እንደ መሥራት ነው። ብዙ ሰው «መኪናዬ ፋብሪካ የሠራው ዕቃ አይረባም» ሲል ፋብሪካው የሠራውን ሳይሆን ሃያ ዓመት ኮብልስቶን የበላውን እየነዳ ነው። ታድሶ ቢነዳው የሚፈልገውን ግማሽ እዚያው ባገኘው ነበር።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ጎማ የእግር ዕቃ አይደለም የሚል ቢኖር እንኳ፤ የእግር ዕቃ ሁሉ የሚሠራው ለእርሱ ስለሆነ ከፊት ይቀድማል። በጎማው ጎን ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ማንበብ እንልመድ። በአራት አኀዝ የተጻፈው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ቢል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ፤ ዕድሜው ግን ያለፈበት ጎማ ደርቆ ስለሚጠነክር መሬት አይጨብጥም። ትሬድዌር የሚለው ቁጥር ደግሞ የመበላቱን ፍጥነት ያመለክታል፤ በጠቅላላው ቁጥሩ ዝቅ ሲል ጎማው ለስላሳና ጨባጭ ይሆናል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። አሜሪካኖቹ በመንገድ መኪና ክፍል ከ200 በታች የሆነውን አይፈቅዱም። ለእኛ ወጣት ግን ከዚያም ከፍ ያለ ቁጥር ይበቃዋል፤ ክረምት ላይ ውሃ የሚያስወግድ ጥርስ ያሻዋልና።

ከጎማው ጋራ የነፋሱ ልክና ዊል አላይመንት ይታያሉ። የነፋሱ ልክ በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ መነሻው እርሱ ነው። አላይመንት ሲሠራ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከላይ በኩል ወደ ውስጥ በጥቂቱ እንዲያዘነብሉ ማድረግ ለመታጠፍ ይረዳል፤ መኪናው ሲያጋድል ጎማው ቀጥ ብሎ መሬት ላይ ያርፋልና። ለመንገድ መኪና አንድ ዲግሪ ወይም አንድ ተኩል ይበቃል። ከዚያ ያለፈው የጎማውን ውስጠኛ ጠርዝ እየበላ ትርፉን በጎሚስታ ቤት ያስከፍላል።

ሦስተኛው አሞርዛተር ነው፤ በእውነት ማሻሻል የሚባለውም ከዚህ ይጀምራል። ሞላ ቂም ያዥ ነው፤ የተጫነውን ሁሉ ይዞ ቆይቶ መልሶ ይወረውራል። አሞርዛተር ደግሞ ቂሙን የሚያበርድ ሽማግሌ ነው፤ የሞላውን ንዝረት በዘይት ውስጥ አሳልፎ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በኮኖች መካከል የሚሮጥ መኪና አንድ ጊዜ ወደ ግራ፤ ወዲያው ወደ ቀኝ ስለሚታጠፍ ለመርጋት ጊዜ የለውም። እንዲህ ባለው ቦታ ከሞላው ጥንካሬ ይልቅ የአሞርዛተሩ ብልኀት ይበልጣል። ካያባ የጃፓን፤ ቢልስታይን የጀርመን፤ ኮኒ የሆላንድ፤ ሞንሮ የአሜሪካ ስም ናቸው። እያንዳንዱም ለዘወትር የሚሆንና ጠንከር ያለ ዓይነት ይሠራል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ከሣጥኑ ላይ ያለውን ስም ብቻ አይመን፤ የክፍሉን ቁጥር ከመኪናው ጋራ ያስተያይ፤ የሚያውቀውንም መካኒክ ይዞ ይሂድ።

ቢቻል የሚስተካከለውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል፤ ሰኞ ማላላት፤ እሑድ ጠበቅ ማድረግ ይቻላልና። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው አጥብቆ መተው ስሕተት ነው። ከመጠን በላይ የጠበቀ አሞርዛተር ጎማው ወደ ጉድጓዱ ወርዶ መሬት እንዳይነካ ይከለክለዋል፤ መኪናውም በኮብልስቶን ላይ እንደ ደነገጠ ፈረስ ይዘላል።

አራተኛው ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዘው፤ ስታቢላይዘር የሚሉት ጠማማ ብረት ነው። መኪናው ሲያዘነብል እየተጠመዘዘ ይመክታል። የዚህ ብረት ጠባይ የሚያስገርም ነው፤ ጥንካሬው የውፍረቱን አራተኛ ኀይል ይከተላል። 20 ሚሊ ሜትር የነበረው በ22 ቢለወጥ በዓይን የማይለይ ጭማሪ ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን በ46 በመቶ ይጨምራል። የፊት ጎማዋ በሚጎትታት እንደ ቪትዝ ባለች መኪና ላይ፤ የኋላውን በመጠኑ ማጠንከር የፊቱን ጎማ ሸክም ስለሚያቃልል መኪናዋ ለመታጠፍ ፈቃደኛ ትሆናለች። ዋጋውም ከሌላው ይልቅ መጠነኛ ነው፤ ካልተስማማም ተፈትቶ ይመለሳል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለን። የኋላው ብረት ሲበዛ በእርጥብ አስፋልት ላይ ጅራቷ ይሸሻል፤ ይህም በሜዳ ላይ ኮን ያስጥላል፤ በመንገድ ላይ ግን ሰው ይጎዳል። ደግሞም ብረቱ ሁለቱን ጎማዎች ስለሚያያይዛቸው፤ በአንዱ ጎማ የደረሰው ጉድጓድ ለሌላው ይተርፋል።

ሞላ መለወጥ የሚመጣው በአምስተኛ፤ ማለት በመጨረሻ ነው። አንባቢያችን «ብዙዎች የሚጀምሩበት እኮ ይህ ነው» ሳይሉን አይቀሩም። እውነት ነው፤ ሞላ በዓይን ስለሚታይ ይቀድማል። ነገር ግን በአሜሪካው ክበብ ደንብ የመንገድ መኪና በሚባለው ክፍል ውስጥ አሞርዛተር መለወጥ ይፈቀዳል፤ ከፊት ወይም ከኋላ አንዱን ስታቢላይዘር መለወጥ ይፈቀዳል፤ ሞላው ግን ፋብሪካው የሠራው እንዲሆን ግዴታ ነው። ያ ክፍል ደካማ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አይደለም፤ ብዙ ብርቱ ነጂዎች ይወዳደሩበታል። በፋብሪካ ሞላ ይህን ያህል መፍጠን ከተቻለ፤ የዓለም ባንኩ ወጣት ሞላውን ለመለወጥ ምን ያስቸኩለዋል? ጊዜው ሲደርስም ለመኪናው ተለክቶ የተሠራ፤ ጥቂት ብቻ የሚጠነክር ሞላ ይምረጥ። ሞላው ሲጠነክር አሞርዛተሩም አብሮ መጠንከር እንዳለበት አይርሳ፤ አለዚያ ቂመኛው በርትቶ ሽማግሌው ይሸነፋል።

ለስላሳ ሞላ ማለት ዘገምተኛ መኪና ማለት እንዳልሆነ ታሪክም ይመሰክራል። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ፤ ድንጋይና ጭቃ በሞላበት መንገድ፤ ፔዦ 404 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963፤ በ1966፤ በ1967ና በ1968 ዓ.ም. አሸንፏል። ይህ መኪና የታወቀው ጎማው ረጅም መንገድ ወጥቶ መውረድ በሚችልበት ለስላሳ እግሩ ነው፤ ቤተ ሰብ የሚጭን የዘወትር መኪና ከመሆንም አላገደውም። በተስተካከለ መንገድም ቢሆን የእንግሊዙ መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን በ1962 ዓ.ም. ያወጣው ሎተስ ኤላን ለስላሳ ሞላና በጥንቃቄ የተመጠነ አሞርዛተር ነበረው፤ በመታጠፍ ግን በዘመኑ ከነበሩት ከምርጦቹ አንዱ ሆኖ ተመስክሮለታል። ለስላሳ ሞላ መሬቱን ያዳምጣል፤ ደረቅ ሞላ መሬቱን ይሟገታል። መሬቱ ደግሞ፤ በተለይ የእኛ መሬት፤ በሙግት የሚረታ አይደለም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቁም አሉ። ባትሪው ከወለሉ በታች ስለሚተኛ የክብደቱ መካከል ዝቅ ያለ ነው፤ ይህ በመታጠፊያ ላይ ይጠቅመዋል። ጠቅላላ ክብደቱ ግን ይበዛል፤ ሞላውና ጎማውም ለዚያ ክብደት ተለክተው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ከነዳጅ መኪና የተፈታ ዕቃ ለእርሱ ይሆናል ብሎ መግጠም አደጋ አለው። በዚህኛውም መኪና ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ጎማው ይቀድማል፤ ሞላው ይከተላል።

ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ወጣቱ ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ ዘንድ እንመክራለን። ይህ ዕቃ ባይስማማኝ የቀድሞውን መልሼ መግጠም እችላለሁን? አምስት ሰው ጭኜ፤ በዝናብ፤ በኮብልስቶን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን ብይዝ ምን ያደርገኛል? ደግሞስ የምፈልገው ሴኮንድ ከዕቃው ይገኛል ወይስ ከእጄ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። መሪውን በችኮላ የሚያሽከረክር፤ ፍሬኑን ዘግይቶ የሚረግጥ፤ ወደሚቀጥለው ኮን ሳይሆን ከፊቱ ወዳለው የሚመለከት ሰው፤ በዓለም ውድ የተባለውን አሞርዛተር ቢገጥም ብዙ አይለወጥም። የመጀመሪያውን ዓመት መኪናው ታድሶ፤ ጎማው ተስተካክሎ፤ ሌላው ሁሉ ፋብሪካው እንደ ሠራው ሆኖ ቢለማመድበት፤ ምን እንደሚጎድለው መኪናው ራሱ ይነግረዋል።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ጨዋታው የሜዳ ነው። ሌሊት መንገዱ ጭር ሲል በአየር ጤና አስፋልት ወይም በቀለበት መንገድ ላይ መሽቀዳደም ስፖርት አይደለም፤ የሰው ሕይወት ማስያዣ የተደረገበት ቁማር ነው። የተዘጋ ሜዳ፤ ፈቃድ፤ የራስ ቁርና የደኅንነት ቀበቶ፤ ተመልካቹንም በሩቅ የሚያቆም ሰው በሌለበት ስፍራ ኮን መደርደር አይገባም። በዩኒቨርሲቲዎቻችንና በቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን ያሉ የሜካኒክ ተማሪዎች ከአስተማሪዎቻቸው ጋራ ሆነው እንዲህ ያለውን ጨዋታ በግቢያቸው ቢያዘጋጁ፤ ሒሳቡን ከሰሌዳ አውርደው በጎማ ሊያዩት ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰፊ የተነጠፈ ሜዳ፤ ጥቂት ኮኖችና ሰዓት ነው።

በመጨረሻም፤ መኪናውን ለማሻሻል የተነሣ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ደብተር ይግዛ። የጎማውን ነፋስ፤ የመኪናውን ቁመት በአራቱም ማእዘን፤ የአሞርዛተሩን ልክና የሮጠበትን ሰዓት ይጻፍበት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ውጤቱንም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሚሄድበት መንገድ ላይ ጭምር ይመርምር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው ሁሉ የሚለቀም አይደለም። በደብተሩ በአንዱ ገጽ የእሑዱን ሰዓት፤ በሌላው ገጽ ደግሞ እናቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ስለ መንገዱ ያሉትን ይመዝግብ። ሁለቱ ገጾች አብረው የሚሻሻሉለት ሰው ዕቃውን በትክክል መርጧል።